ጭድ ያለበት ጭቃ

ይህ ነገር የደረሰብን በደርግ ጊዜ ነው። ትልቋ ልጄ አልማዝ ሦስተኛ ክፍል ለመግባት ትምህርት ቤት እስኪከፈት የምትጠብቅበት ክረምት ነበር። ዛሬ አልማዝ ራሷ የልጆች እናት ሆናለች። እኔ ግን ሰው ቤት ሊመርግበት ያቦካው ጭቃ በመንገድ ሳልፍ ከሸተተኝ እግሬ አልሄድ ይለኛል። ልጆቼ "እማዬ፣ ምን ሆንሽ?" ሲሉኝ "ምንም" እላቸዋለሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነግሬያቸው አላውቅም። አሁን እድሜዬም እየገፋ ስለሆነ ልጻፈው ብዬ ነው።

የምንኖረው ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ቡና መሐል ባለች ትንሽ መንደር ነበር። ባለቤቴ ወልዴ አንድ የቡና እርሻ ውስጥ በሾፌርነት አሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል። የሰው መኪና ሲነዳ ስለኖረ የራሱን መኪና መንዳት ነበር ምኞቱ። በገበያ ቀን ከእኛ መንደር እስከ ሚዛን፣ ከሚዛን እስከ ቴፒ ሰው ላመላልስበት ይል ነበር። ከወንድሙ ጋር ሆነው ብዙ ዓመት አጠራቀሙ። ሁለቱ ላሞቼም በዚያው ተሸጡ።

በእኛ አገር በክረምት መኪና አይታጠብም። ታጥቦ የት ሊደርስ? ከጅማ በቦንጋ አድርገው ሚዛን የሚገቡ የጭነት መኪኖች ጭቃ ይዟቸው ሦስትና አራት ቀን መንገድ ላይ የሚያድሩበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ ወንዶቹ መኪና ሲመጣ መጀመሪያ የሚያዩት ጭቃውን ነው። እስከ መስኮቱ ጭቃ ለብሶ በራሱ ጉልበት የገባ መኪና "ተፈትኗል" ይባላል። የሚጠረጠረው ንጹሕ ሆኖ የመጣው ነው፤ ምን ሊደብቅ ታጠበ ይሉታል። ወልዴም ልክ እንደዚሁ ያስብ ነበር።

እኔ ፈሪ ነኝ። ከአልማዝ በፊት የነበረውን ልጄን በኩፍኝ ካጣሁ ወዲህ የማልፈራው ነገር የለም። ውሃ ሁለት ጊዜ አፈላለሁ። ሰማይ ሲያጉረመርም ልጆቹን ከያሉበት እየጠራሁ እቆጥራለሁ። ወልዴ አንድ ሰዓት ከዘገየ መንገድ ላይ ወጥቼ እቆማለሁ። ጎረቤቶቼ ሲቀልዱብኝ "አበበች ዛሬ ደግሞ ምን ታያት?" ይሉ ነበር። አልቀየማቸውም ነበር።

ከአራተኛ ክፍል ስላላለፍኩ ብዙ አዋቂ ነኝ አልልም። ጭቃ ግን አውቃለሁ። በመንደራችን የመሠረተ ትምህርት ቤት ሲሠራ ግድግዳውን እንዲመርግ የታዘዘው የሴቶች ማኅበር ነበር፤ ጭቃውን የማቦካውም እኔ ነበርኩ። አፈሩ ከተከተፈ ጭድ ጋር በውሃ ይለወሳል፤ በእግር ይረገጣል፤ ቅጠል ለብሶ ሳምንት ያህል ይተኛል። ሲቦካ ይሸታል። የከረመ ሊጥ የመሰለ፣ አፍንጫ የሚይዝ ሽታ ነው። ግድግዳው ላይ ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ የሚይዘው ጭዱ ነው።

መኪናውን ያመጣልን ደምሰው የሚባል የመኪና ነጋዴ ነው። ወልዴ ሚዛን ገበያ ላይ ነው የተዋወቀው። ከጅማ ነኝ የሚል፣ ደልደል ያለ፣ አነጋገሩ ለስላሳ ሰው ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ባለ ሸራ ላንድሮቨር እየነዳ መንደራችን ገባ። መኪናው ቀለሙ እስከማይታይ ድረስ ጭቃ ለብሷል። ወዲያው ሰው ከበበው።

"ውሃ አላስነካሁትም" አለ ደምሰው፣ መኪናውን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ። "ሌላ ነጋዴ ቢሆን አጥቦ፣ ቀለም ቀብቶ ያመጣላችሁ ነበር። እኔ ከነመንገዱ አመጣሁላችሁ። ከጅማ እዚህ ድረስ አንድ ሰው አልገፋውም።"

ወንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንድ ሽማግሌ "እንግዲህ ይኼ ምን ይጠየቃል?" አሉ።

ወልዴ ሞተሩን ከፍቶ አየ፤ አስነስቶ ጆሮውን አስጠግቶ ሰማ። ማርሹን፣ ፍሬኑን፣ መሪውን ሞከረ። አምስት ስድስት ወንዶች ጭኖ እስከ ወንዙ ደርሶ ተመለሰ። ሲወርድ ፊቱ ላይ የነበረውን ደስታ ከተጋባን ጀምሮ አይቼው አላውቅም። ከዚያ የመኪናውን ሥር ሊያይ አንድ ጉልበቱን አጠፈ።

ደምሰው ሳቅ ብሎ "ተኛበትና እየው፣ ወንድሜ። ግን ሚስትህ ልብስህን ስታጥብ እኔን እንዳትረግመኝ" አለው።

ሰው ሳቀ። መሬቱ እንዳለ ጭቃ ነበር። ወልዴም እየሳቀ ተነሳ።

እኔ ትንሹን ልጅ አዝዬ በኋላ በኩል ቆሜ ነበር። ያን ጊዜ ነው የሸተተኝ። መጀመሪያ የሰው ግቢ መስሎኝ ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ጎንበስ ብዬ እጄን ከኋላው ጎማ በላይ ሰደድኩና ጭቃውን በጥፍሬ ቆፈርኩት። ላዩ ለስላሳ ነው፤ ውስጡ ግን ደርቆ ጠንክሯል። አንድ ቁራሽ ተፈንቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ውስጡ ቢጫ፣ አጫጭር ተደርጎ የተከተፈ ጭድ ነበረበት። የመንገድ ጭቃ ውስጥ ጠጠር ይኖራል፤ የቡና ቅጠልም አይጠፋም። የተከተፈ ጭድ ግን ከየት ይመጣል?

ወልዴን በክንዱ ሳብ አድርጌ ቀስ ብዬ ነገርኩት። "የአልማዝ አባት፣ ይኼ የመንገድ ጭቃ አይደለም። የቦካ ነው። ጭድ አለበት፤ ሰው የመረገው ነው።"

"ምን?"

"ከሥሩ አስጠርገህ እየው።"

ደምሰው ለካ ከኋላችን ቆሟል። ድምፁን ሳያነሳ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ "እትዬ፣ እኔ መኪና እንጂ ጎጆ ይዤ አልመጣሁም" አለ።

ወንዶቹ በሳቅ ፈነዱ። አጥሩ ጋ የቆሙት ሴቶችም ሳቁ። አንዱ "አበበች ዛሬ ደግሞ ጭቃ ፈራች" ብሎ ጨመረበት። ወልዴ አፈረ። ወደ እኔ ሳያይ "ልጁ እንቅልፉ መጥቷል፤ ይዘሽው ግቢ" አለኝ።

ገባሁ። ጭቃው እጄ ውስጥ እንዳለ ነበር። ጣልኩትና እጄን ታጠብኩ።

ማታ እንደገና ልነግረው እችል ነበር። ያ ሁሉ ሰው ሄዶ ሁለታችን ብቻ ቀርተን ነበር፤ ገንዘቡም ገና አልተሰጠም። ወልዴ ግን አልጋው ላይ ተቀምጦ ስለ መኪናው ያወራል፤ ያን ያህል ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ደስታውን ማበላሸት ከበደኝ። ደግሞ ራሴን ጠረጠርኩ። ሁልጊዜ የምፈራ ሰው ስለሆንኩ ይኼኛው ፍርሃት ከሌላው ቀን በምን እንደሚለይ አላወቅሁም። በማግስቱ ተፈራረሙ። ደምሰው ሊብሬውን አስረክቦ፣ እጄንም ጨብጦ፣ "እትዬ፣ በደስታ ሂዱበት" ብሎኝ ሄደ።

መኪናው ሦስት ሳምንት ያለ እንከን ሠራ። መንገዱ ራሱ ሌላ ጭቃ እየጨመረበት ያኛው ጭቃ ከሥር ተቀበረ። ወልዴ በሳቀ ቁጥር "አበበች፣ ጭዱ እንዴት ነው?" ይለኝ ጀመር። እኔም እስቅ ነበር። እውነቱን ለመናገር ተሳስቼ በመገኘቴ እግዚአብሔርን አመስግኛለሁ።

ጎረቤታችን ዘነበች የመሠረተ ትምህርት አስተማሪው ሚስት ነበረች። የመጀመሪያ ልጇን ነው ያረገዘችው። ገና ሃያ ዓመት አልሞላትም፤ ተጫዋች፣ ሳቂታ ልጅ ነበረች። ምጧ ሐሙስ ጠዋት ጀመረ፤ ዓርብ ረፋድ ላይም አልወለደችም። ባሏ ለስብሰባ ቴፒ ነበር። አዋላጇ አሮጊት ወጥተው "ከእኔ እጅ በላይ ነው፤ አማን ሐኪም ቤት አድርሷት" አሉ፤ አማን ከሚዛን አጠገብ ናት።

ወልዴ ሳይጠራ መኪናውን አስነስቶ በር ላይ አቆመው። ፍራሽ ከኋላ አነጠፍንላት። ልጆቼን ለአዋላጇ ትቼ አብሬ ገባሁና ራሷን ጭኔ ላይ አደረግሁ።

"እትዬ አበበች" አለችኝ፣ "ቀስ ይበል በይልኝ።"

"የአልማዝ አባት፣ ቀስ በል" አልኩት።

"ቀስ እያልኩ ነው" አለ። እውነትም ቀስ እያለ ነበር።

ግማሽ መንገድ ያህል እንደሄድን ቁልቁለት አለ፤ ከታች ድልድይ ነው። ቁልቁለቱን ስንጀምር ከሥራችን ትልቅ ግንድ ሲሰነጠቅ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ወጣ። ቀጥሎ የተቀመጥንበት ወለል ከዳን። መኪናው መሐሉ ወደ መሬት ጎበጠ። ወልዴ ፍሬን እንደያዘ ተንሸራተትንና ከዳር ካለው የአፈር ግድግዳ ጋር ተጋጭተን ቆምን። ባይዘን ኖሮ ወንዙ ውስጥ ነበርን።

በሩ አልከፈት አለ። ሁሉም በሮች ተጣመው ተነክሰው ቀርተዋል። ወልዴ በመስኮት ወጥቶ ሸራውን ከኋላ በቢላዋ ቀደደው። እኔ ከውስጥ፣ እሱ ከውጭ ሆነን በዚያ ቀዳዳ አወጣናት። ዘነበች እየጮኸች ሳይሆን ጥርሷን ነክሳ ነበር። ዝናቡ ጀመረ።

አጠገባችን ካለው ቡና ውስጥ ሲመነጥሩ የነበሩ የሸኮ ሰዎች ድምፁን ሰምተው ሮጠው መጡ። ስምንት ይሆናሉ። አማርኛ የሚችለው አንዱ ብቻ ነበር። ማን እንደሆንን፣ የማን ሚስት እንደሆነች አልጠየቁንም። በገዛ ቋንቋቸው ጥቂት ተነጋግረው ሁለት እንጨት ቆረጡ፤ ጋቢያቸውን አስረው ቃሬዛ ሠሩ፤ ተሸከሟት። አራት አራት እየሆኑ፣ እየተቀባበሉ፣ ሳያርፉ ሄዱ። አማርኛ የሚችለው ሰውዬ አንዳንዴ ወደ እኔ ዞሮ "አይዞሽ እናቴ፣ ደርሰናል" ይለኛል። አልደረስንም ነበር። በመኪና ቢሆን ቶሎ የሚያልቀውን መንገድ በዚያ ጭቃ በእግር ሄደን አማን ስንገባ ጀምበር ልትጠልቅ ነበር።

ዘነበች ተረፈች። ልጁ ወንድ ነበር። አላለቀሰም።

እኔ ሐኪሙን በረንዳ ላይ ጠብቄ "ቀድመን ብንደርስ ኖሮስ?" ብዬ ጠየቅሁት። ወጣት ነበር፤ ዓይኖቹ በድካም ቀልተዋል። ቆም ብሎ አየኝና "እሱን እኔም አላውቅም፣ እናቴ" አለኝ። እስከ ዛሬም አላወቅሁም።

በማግስቱ ወልዴ መኪናው ወዳለበት ተመልሶ ሄደ። ጭቃው ላይ ተኝቶ ከሥሩ ገብቶ አየው። ቤት ሲመጣ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግሩ ጭቃ ሆኖ ነበር። አግዳሚው ላይ ፊት ለፊቴ አንድ ቁራሽ ጭቃ አስቀመጠ። ጭዱ ወጣ ወጣ ብሎ ይታያል።

"ሁለት የተለያየ መኪና ነው" አለ። "የአንዱን ፊት ከሌላው ኋላ ቆርጠው ነው ያገናኙት። ሁሉን የሚሸከመው ሻንሲ መሐል ላይ በብየዳ ተይዟል። ብየዳው እንዳይታይ ብረት አስረውበት፣ በላዩ መርገውበታል።"

ቁራሹን አነሳሁት።

"ያን ቀን ጭዱን አሳየሽኝ እንዴ?" አለኝ።

"አላሳየሁህም። ነገርኩህ እንጂ።"

"ብታሳዪኝም አላይም ነበር" አለ።

ደምሰውን ፈለገው። ጅማ ድረስ ሄደ። ሊብሬው ላይ ያለው ስም የሌላ ሰው ነበር፤ የደምሰውን ቤት የሚያውቅ አልተገኘም። ሚዛን ላይ ግን አንድ ነገር ሰማ። መኪናው ከጅማ በጭነት መኪና ተጭኖ ነው የመጣው፤ እዚያው ሚዛን ሰው ግቢ ውስጥ ዐሥር ቀን ቆሞ ነበር። ከጅማ እስከ ሚዛን ያለውን መንገድ ጎማው አልረገጠውም።

መኪናውን በትራክተር አስጎትተን ግቢያችን አስገባነው። በጋ ሲመጣ ወልዴ ከሚዛን በያጅ አምጥቶ እንደገና አስበየደው። የወንድሙ ድርሻ አለበት፤ ወንድሙ ደግሞ አኩርፎ ቤታችን መምጣት ትቷል። ወልዴም ዝምተኛ ሆነ። ከዚያ የበልጉ ዝናብ ሲጀምር አንድ ቀን "ከቱም ከተማ አንድ ሰው መኪናውን አይቶ ሊገዛ ይመጣል" አለኝ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ከቤታችን ጀርባ እንጨት ላነሳ ስሄድ ሸተተኝ። የኮባ ቅጠል የለበሰ ክምር ነው። ቅጠሉን ገለጥ አደረግሁት። ጭድ ያለበት ጭቃ ነበር። ከአራት አምስት ቀን በፊት ተረግጦ የተቦካ። ቤታችን የሚመረግ ግድግዳ አልነበረውም።

እዚያው እንደቆምኩ ወልዴ መጣ። ያየሁትን አየ።

"እኔን ሲያደርጉኝ ማን አዘነልኝ?" አለ።

"የቱሙ ሰውዬ ሚስት አለችው?" አልኩት።

"እኔ ምን አውቃለሁ።"

"ነገ መኪናውን አጥበዋለሁ።"

"አበበች፣ ተይ።"

"ብትመታኝም አጥበዋለሁ።"

ወልዴ በዕድሜው መትቶኝ አያውቅም። ለምን እንዲያ እንዳልኩ አላውቅም። እሱም በጣም ደንግጦ አየኝና ሄደ።

በማግስቱ ገና ሲነጋ ከአልማዝ ጋር ከምንጩ ውሃ አመላለስን። መኪናውን ከላይ ጀምሬ አጠብኩ። ከዚያ ጆንያ አንጥፌ ከሥሩ ገባሁ። በመጥረጊያ ፈገፈግሁት፤ መጥረጊያው ያልደረሰበትን በጥፍሬ ፋቅሁት። ብየዳው ከዳር እስከ ዳር እንደ ቁስል ጠባሳ ወጣ። ወልዴ በር ላይ ተቀምጦ ያይ ነበር። አልከለከለኝም፤ አላገዘኝምም።

የቱሙ ሰውዬ ከሰዓት በፊት ደረሰ። ንጹሕ መኪና ሲያይ ፊቱ ተለወጠ፤ የእኛ አገር ሰው ነዋ። ወዲያው ጎንበስ ብሎ ሥሩን አየ። ሲነሳ ግራ እንደገባው ነበር።

"እንዲህ ከሆነ ለምን አጠባችሁት?" አለ።

ወልዴ ወደ እኔ አየ። ከዚያ "ሚስቴ ናት ያጠበችው" አለው። ቀጥሎም ራሱ ሁሉንም ነገረው። የዘነበችን ነገርም አልደበቀውም።

ሰውዬው መኪናውን አልገዛም። ሞተሩን ግን ለወፍጮ ይሆነኛል ብሎ ወሰደው። የቀረው አካል ግቢያችን ውስጥ ዝጎ፣ ዶሮ ሲያድርበት ኖረ። ወልዴ ወደ ቡና እርሻው ተመልሶ እስከ መጨረሻው የሰው መኪና ነዳ።

ጭቃው ቀረ። የቦካ ጭቃ መድፋት አልወደድኩም። የዘነበች ቤት የጀርባው ግድግዳ በክረምቱ ዝናብ ረግፎ እንደነበር አውቃለሁ። በቅርጫት ተሸክሜ ወሰድኩላት። እሷም ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ መጣች፤ ውሃ ጨምረን አብረን ረገጥነው። ከዚያ ጎን ለጎን ሆነን መምረግ ጀመርን።

ያን ጊዜ ነው የነገርኳት። መኪናው የመጣ ቀን ጭቃው እንደሸተተኝ፣ ጭዱን በእጄ ይዤ እንደነበር፣ አንድ ጊዜ ተናግሬ እንደተውኩት። ከዚያ በኋላ እሷን እዚያው መኪና ላይ ራሴ እንዳስተኛኋት። ከዚህ ወዲያ ዓይኗን አላይም ብዬ ነበር የተናገርኩት።

የዘነበች እጅ ግድግዳው ላይ ቆመ።

"ለምን ደግመሽ አልተናገርሽም?" አለችኝ።

"ሳቁብኝ" አልኩ።

ጎንበስ ብላ ጭቃ አነሳች። ግድግዳው ላይ ጣል አድርጋ በመዳፏ ብዙ ጊዜ አለሰለሰችው፤ ከለሰለሰም በኋላ እጇን አላነሳችም።

"እኔም እኮ ከሳቁት አንዷ ነበርኩ" አለች። "አጥሩ ጋ ቆሜ።"

ግድግዳው እስኪያልቅ ሠራን።

ዘነበች ከሁለት ዓመት በኋላ ሴት ልጅ ወለደች። ያን ጊዜም ራሷን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ በምጧ መሐል እጄን አልለቅም አለች።

እኔ ዛሬም ፈሪ ነኝ። ውሃ ሁለት ጊዜ አፈላለሁ፤ የልጅ ልጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ። አንድ ነገር ግን ካልጣመኝ አንዴ ተናግሬ አልተውም፤ በእጄ ይዤ አሳያለሁ፤ ሰው ሲስቅብኝም ወደ ቤት አልገባም።